የተማሪ ፕሮጀክት ከተማሪው ጋር መመረቅ የለበትም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቻለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲጀመር የመመረቂያ ፕሮጀክት ርእሶች ለተማሪዎች ይደለደላሉ፤ ሰኔ ሲቃረብ ተማሪው በመምህራን ፊት ቆሞ ሥራውን ያቀርባል፣ ይጠየቃል፣ ይታረማል፤ ጥራዙም ለትምህርት ክፍሉ ገቢ ይሆንና መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በተከታዩ ዓመት ሌላ ተማሪ ሌላ ርእስ ይዞ ከባዶ ይጀምራል። በሁለተኛ ዲግሪም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም። ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ምርምር ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የመሣሪያና የበጀት እጥረት ነው፤ እጥረቱ እውነት ነው፣ እኔም በየቀኑ አብሬው የምውል ችግር ነው። ሆኖም ከእጥረቱ ባላነሰ የሚጎዳን ይህ በየዓመቱ ከባዶ መጀመር ነው ብዬ ስለማምን፣ ሐሳቤን ለአንባቢዎችዎና በተለይ ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ላቀርብ ፈልጌ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከትንሹ ነገር ልጀምር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙም በማይለይ ከተማ ውስጥ፣ ፔንዱለም አወዛውዘን የመሬትን ስበት እንድንለካ ታዘዝን። የእኛ ቡድን ያገኘው 9.77 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነበር። የላብራቶሪው መመሪያ ደግሞ 9.8 ይላል። ረዳት መምህሩ ስሌታችንን አየና ስህተት እንዳለበት ነግሮን እንድንደግም አዘዘን፤ ደገምነው፣ ያው ቁጥር መጣ። ሰዓቱ መሽቶ ስለነበር የክሩን ርዝመት በሦስት ሚሊሜትር ጨምረን ጻፍን፣ 9.8ም ተገኘ፣ ሙሉ ማርክም ተሰጠን። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ማርኩ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ራሴ አስተማሪ ሆኜ ስሌቱን በጥንቃቄ ስሠራው የተረዳሁት ነገር ነው የሚቆጨኝ፤ ትክክለኛው ቁጥር የሰረዝነው ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚታተመው 9.8 ወይም 9.81 በመካከለኛ ኬክሮስ ላይ፣ ለባሕር ወለል ቅርብ ለሆነ ቦታ የሚስማማ ቁጥር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ መሬት ደግሞ ወገቧ ላይ በመጠኑ ያበጠች ከመሆኗም በላይ በመሽከርከሯ የተነሣ እዚያ ላይ ስበቱ ጥቂት ይቀንሳል። በዚያ ላይ ደጋው ሁለት ሺሕ ሜትር አልፎ ከፍ ይላል። ሁለቱ ተደምረው በአዲስ አበባ አካባቢ የስበቱን መጠን ወደ 9.775 ያወርዱታል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም መቶ ጊዜ ለመወዛወዝ በመጽሐፉ ቁጥር መሠረት 200.6 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በአዲስ አበባ ግን 201 ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ነው፤ ማንኛውም ትጉ ተማሪ በስልኩ ሰዓት ሊደርስበት ይችላል። ይሁንና ቀላል እንዳይመስል፦ ርዝመቱ ከመንጠቆው እስከ ኳሷ መሃል በሚሊሜትር ካልተለካ፣ ወይም ኳሷ በአሥር ዲግሪ ስፋት ከተወዛወዘች፣ ከዚያ ብቻ የሚመጣው ስህተት ከምንፈልገው ልዩነት ጋር እኩል ይሆናል። ይህን ሁሉ ለይቶ ማወቅ ራሱ የቻለ ምርምር ነው።

ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ይዘናል። በየዓመቱ የሚመጣው ቡድን በዚያው መንጠቆ ላይ፣ በዚያው ሽቦ ይለካል፤ ያገኘውን ሳይከልስ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጽፋል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን የቀደሙትን ገጾች በሙሉ ማንበብ ግዴታው ነው። አንድ ዓመት የሁሉም ቡድኖች ውጤት ወደ 9.82 ከፍ አለ። የመጽሐፉን ቁጥር ስለመሰለ እኔን ጨምሮ ማንም አልተጠራጠረም፤ እንዲያውም ጥሩ ሠሩ ተብለው ተመሰገኑ። ስህተቱን ያወጡት በቀጣዩ ዓመት የመጡት ናቸው። የእነርሱ ውጤትም ከፍ ሲል ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈውን አነጻጽረው አላምን አሉ፣ መሣሪያውን አንድ በአንድ መረመሩ፣ በመጨረሻም የእንጨቱ ሜትር ጫፍ አምስት ሚሊሜትር ያህል ተበልቶ ማለቁን አገኙ። አንድ ቡድን ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ፈጽሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። የያዙት መሣሪያ ያው፣ ያስተማርኳቸው ሰው ያው፣ ትምህርቱም ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ከፊታቸው የነበሩት ሰዎች ጽፈው መተዋቸው ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ትልቁ ጉዳይ ልለፍ። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 ድረስ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ የተሰየመ፣ መሬትንና ከባቢ አየሯን የመለካት የጋራ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። በአራት ኪሎ፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል በነበረው ተቋም ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ (የመሬትን ነውጥና መግነጢስ የሚመዘግብ ጣቢያ) የተቋቋመው ከዚሁ ዘመቻ ጋር ተያይዞ ነው፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ። በዚሁ ዘመቻ ወቅት እ.ኤ.አ. በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ የተባሉ ሳይንቲስት በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መለካት ጀመሩ። ሲጀምሩ ከሚሊዮን 315 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። የአየር ንብረት ለውጥን በተመለከተ ዓለም የሚከራከርበት ያ የታወቀ መስመር የተገኘው መሣሪያው ልዩ ስለነበረ ሳይሆን፣ ገንዘብ በተቋረጠበት ጊዜ እንኳ ልኬቱን ለማስቀጠል ሰዎች ስለተጨነቁ ነው።

የአራት ኪሎው ኦብዘርቫቶሪም የዚያ ዘመቻ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለሀገራችን ያደረገውም ጥቂት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬና ማጀቴ አካባቢ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ በ1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ ከተማ በፈረሰች ጊዜ፣ የነውጡን መጠንና ቦታ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ሆኖ መዝግቦ ያስቀረ መሣሪያ ነበረን። ዛሬ አንድ መሐንዲስ ግድብ ወይም ፎቅ ሲነድፍ የሚጠቀምበት የአደጋ ካርታ የሚነሣው እነዚያን መዛግብት ይዞ ነው። የዚያን ዘመን መግነጢሳዊ መለኪያዎች እንዴት ይሠሩ እንደነበር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይገረማሉ፦ በቀጭን ክር በተንጠለጠለች ማግኔት ላይ ትንሽ መስታወት ይለጠፋል፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከመስታወቱ የሚንጸባረቅ የብርሃን ነጥብ በዝግታ በሚዞር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ መስመር ይሰምራል፣ ወረቀቱም በየቀኑ ይቀየራል። በየቀኑ ማለት በእሑድም፣ በፋሲካም፣ መንግሥት በተቀየረ ማግስትም ማለት ነው። ወረቀቱን የሚቀይረው ሰው ስሙ በየትኛውም የምርምር መጽሔት አይወጣም፤ መስመሩ ግን ያለ እርሱ የለም።

ለምን መግነጢስ እንለካለን ለሚል አንባቢ አጭር ማብራሪያ ልስጥ፤ ነገሩ እኛን በተለየ የሚመለከት ነውና። የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ከካርታው የምድር ወገብ የተለየ መስመር ሲሆን በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ከአዲስ አበባም አይርቅም። ሚዛኗን ጠብቃ በክር የተንጠለጠለች መርፌ በማግኔት ታሽታ ስቶክሆልም ላይ ብትሰቀል የሰሜን ጫፏ ከ70 ዲግሪ በላይ ወደ መሬት ይደፋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን አግድም ለመተኛት ትቀርባለች። መስኩ አግድም በመሆኑ ምክንያት ቀን ቀን፣ ከመሬት በላይ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይባላል። እንደ ፔሩ፣ ናይጄሪያና ደቡብ ህንድ ሁሉ እኛም በቀጥታ ከሥሩ ነን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ በዚሁ ሰማይ ላይ በፕላዝማው (በኤሌክትሪክ በተሞላው ጋዝ) ውስጥ የሚፈጠሩ የሳሱ አረፋዎች የሳተላይት ምልክቶችን ያናውጣሉ፤ የጂፒኤስ ልኬት ይዛባል፣ የአውሮፕላን ግንኙነት ይነካል። ይህንን ለማጥናት የሌላ ሀገር ሰው መሣሪያ ጭኖ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ጣሪያችን ላይ ብንወጣ ይበቃን ነበር።

ይህን የተረዱ መምህራን አሉን፤ ሥራቸውንም በክብር ማንሣት እወዳለሁ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላብራቶሪ መምህራንና ተማሪዎች የላይኛውን ከባቢ አየር ሲያጠኑ ቆይተዋል። የላብራቶሪው ስም የቅኔውን ዋሸራ ያስታውሰኛል፤ በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ብቻ ሳይሆን የመምህሩን መምህር ጭምር በስም ይቆጥራል፣ ከማን ምን እንደተቀበለ ያውቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የፊዚክስ ትምህርት ክፍል መምህራን ከስዊድኑ የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮችና ከእነርሱ በሚሠሩ የፀሐይ ሴሎች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። እነዚህ ሥራዎች ፍሬ ያፈሩት አንድ ጥያቄ ከአንድ ተማሪ ወደ ሌላው ሲወርድ ነው። ይህ ልማድ ግን በጥቂት ቡድኖች ውስጥ ብቻ ይኖራል፤ ከ40 በላይ በሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አብዛኞቹ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ አልተተከለም።

የጊዜ ርዝመት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የፀሐይ እንቅስቃሴ በአማካይ በ11 ዓመት አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይዳከማል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከዚህ ዑደት አንድ ሦስተኛውን ያያል፤ የዶክትሬት ተማሪም ቢሆን ግማሹን አይሞላም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከሃያ ዓመት ወዲህ ያልታየ ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል መሬትን ሲመታ፣ በሌሎች ሀገራት ያሉ ተማሪዎች በዚያው ሳምንት የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ገልጠው እ.ኤ.አ. በ2003 ከደረሰው ማዕበል ጋር ማነጻጸር ጀመሩ። እኔም የዚያን ሳምንት የራሴን ትምህርት ክፍል መደርደሪያ ገልጬ ነበር። ስለ ፀሐይ ማዕበል የተጻፉ ስድስት የመመረቂያ ጽሑፎች አገኘሁ፤ ስድስቱም ከውጭ ድረ ገጽ በወረደ መረጃ የተሠሩ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይጠቅስም፣ አራቱ የመግቢያ ምዕራፋቸው አንድ ዓይነት ነው። ተማሪዎቹን አልወቅስም። ሁላችንም አማካሪዎች ነበርን፣ ፊርማችን አለበት።

የመሬት መንቀጥቀጡ ጉዳይ ደግሞ ለሁላችንም ቅርብ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር ተከፍቶ ከሥር የመጣ ቅልጥ ዓለት ሲሞላው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አጥንተውታል፤ ዓለምም ብዙ ተምሮበታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀው ነውጥ ብዙ ሺሕ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፣ በየካቲት ወር መጠኑ 6.0 የደረሰ ነውጥ ታይቷል፣ በአዲስ አበባም በፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ሌሊት ከአልጋችን የተነሣንበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ስለ ገዛ መሬቱ የሚያውቀው ስልኩን ከፍቶ የአሜሪካውን የጂኦሎጂ ተቋም ገጽ በማየት ነበር። የእኛ ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ቀርበው በሚችሉት ሁሉ አስረድተዋል፤ እጃቸው ላይ ያለው ጣቢያ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የተማሪ ፕሮጀክት ምን ሊያደርግ ይችላል? ነውጥ ሲነሣ ፈጣኑ ሞገድ ቀድሞ፣ ዘገምተኛው ተከትሎ ይደርሳል፤ በመካከላቸው ያለው እያንዳንዱ ሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ማለት ነው። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ልዩነቱ 16 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ሦስት ጣቢያዎች ካሉ ቦታው ይታወቃል፤ ጥልቀቱን በትክክል ለማወቅ ግን ከነውጡ አቅራቢያ ያለ ጣቢያ ያስፈልጋል። በሰመራ፣ በደብረ ብርሃን፣ በአዳማ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ሁሉም ከስምጥ ሸለቆው ውስጥ ወይም ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ፊዚክስ የሚማሩ ልጆች አሏቸው። በአነስተኛ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ የመሬት እንቅስቃሴ መቅጃዎች ዛሬ ለአንድ ትምህርት ክፍል የማይደፈሩ አይደሉም። የዋናዎቹን ጣቢያዎች ቦታ አይተኩም፤ ነገር ግን አንድ ተማሪ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ግቢ የጀርባ ንዝረት ለአንድ ዓመት መዝግቦ፣ የመኪናውን ከመሬቱ ለይቶ፣ ለተከታዩ ተማሪ ቢያስረክብ፣ ያ ተከታይ ተማሪ ነውጥ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። መሬት ደግሞ ለድንገተኛ ፕሮፖዛል ጊዜ አትሰጥም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ፣ የልኬት ሥራ ብቻ ምርምር ነው የምትል ትመስላለህ፣ እኛ ንድፈ ሐሳብ የምንሠራው ምን እንሁን ብለውኛል። እንዲህ ማለቴ አይደለም። ለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርበው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን ነው። በደርግ ዘመን ለዓመታት በእስር ሲማቅቁ ለእስረኛ ጓደኞቻቸው ያስተምሩ ነበር፤ ከተፈቱ በኋላ በህንድ የሳይንስ ኢንስቲትዩት ዶክትሬታቸውን ሠርተው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብትና ለትምህርት ስላደረጉት ተጋድሎ የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጣቸው። እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ዘወትር የማስበው የምርምር ልማዳቸውን ነው። በሙቀት ልዩነት መካከል የምትንቀሳቀስ ጥቃቅን ቅንጣት እንደ ሞተር ሥራ ልትሠራ የምትችልበትን መንገድ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው አጥንተዋል። ለዚህ ወረቀት፣ እርሳስና ኮምፒውተር በቂ ነበር። በንድፈ ሐሳብም ቢሆን አንድ ጥያቄ ካልተወረሰ ትምህርት ቤት አይሆንም።

አሁን ወደ መሰናክሉ ልምጣ፤ መሰናክሉ ብዙ ጊዜ ከሳይንሱ ውጭ ነውና። ከዓመታት በፊት በማውቀው አንድ ትምህርት ክፍል ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ተብሎ የፀሐይ ጨረር መለኪያ ተገዛ። ልጁ ትጉ ነበር፤ በየአምስት ደቂቃው የሚመዘገብ የ14 ወራት ልኬት ሰበሰበ፣ በጥሩ ውጤትም ተመረቀ። መረጃው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ነበር፤ ላፕቶፑ ከአንድ ዓመት በኋላ ተበላሸ። መሣሪያው በአማካሪው ስም ወጪ ተደርጎ ስለነበር፣ አማካሪው ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ ንብረት ክፍል ተረክቦ ቆለፈበት። ቀጣዩ ተማሪ ሲጠይቅ፣ በማን ስም ወጪ ይሁን የሚለው ጥያቄ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ፈጀ፣ ተማሪውም ርእሱን ወደ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ልኬት ወደማይፈልግ የኮምፒውተር ስሌት ቀየረ። እዚያ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የታዘዘውን ፈጽሟል። ሀገራችን ግን በፀሐይ ኃይል ዕቅድ ላይ በምትነጋገርበት ሰዓት፣ በዚያች ከተማ ላይ ምን ያህል ጨረር እንደሚወርድ የሚናገር የ14 ወራት የመሬት ላይ ልኬት ጠፍቷል።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ተማሪ ሲመረቅ ክሊራንስ ይሞላል፤ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ የማደሪያ ፍራሽ፣ የላብራቶሪ ቤከር እንኳ ሳይቀር ይቆጠርበታል። የለካው ልኬትና የላብራቶሪ ደብተሩ ግን አይጠየቅም። በክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ጥሬው መረጃ፣ እንዴት እንደተለካ ከሚገልጽ ገጽ ጋር፣ ለትምህርት ክፍሉ ገቢ ሆኗል የሚል። መሣሪያ በግለሰብ መምህር ስም ሳይሆን በላብራቶሪው ስም ወጪ ይሁን፤ የላብራቶሪ ቴክኒሻኑም ዕቃ ጠባቂ ከመሆን አልፎ የልኬቱ ባለቤት ይሁን፣ በሚወጣው ጽሑፍም ስሙ ይግባ። የመምህራን የደረጃ እድገት ዛሬ የሚቆጠረው በታተመ ጽሑፍ ነው፤ አሥር ዓመት ያልተቋረጠ፣ የተፈተሸና ለሌሎች ክፍት የሆነ መዝገብ ያቆየ መምህር ነጥብ የማያገኝበት ምክንያት አይታየኝም። መብራት ጠፍቶ ልኬት በተቋረጠበት ሰዓት መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይቆይ፤ ባዶውን በግምት የሞላ ተማሪ ልክ እኔ በወጣትነቴ ሦስት ሚሊሜትር እንደጨመርኩት አድርጓል፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውንም ያሳስታል።

የቀድሞ ሰው ሥራ መቀጠል የተማሪውን ፈጠራ ይገድላል የሚለውን ስጋት በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ፊዚክስን በምርጫው ሳይሆን በምደባ የሚገባ ተማሪ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ተማሪ ያለ ልኬት፣ ያለ መሣሪያ፣ ራሱ በማያምንበት ርእስ ላይ አርባ ገጽ እንዲጽፍ ሲታዘዝ መገልበጥን ይማራል። የተበላውን ሜትር ያገኙት ልጆች ግን፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ትምህርት ክፍል ለመቀየር ማመልከቻ ያስገቡ ነበሩ። ከዚያች ቀን በኋላ ማመልከቻውን ያነሣብኝ አልነበረም።

አንድ ለመጀመሪያ የሚሆን የጋራ ሥራ ልጠቁም። ከህዋ የሚመጣው ጨረር ከከባቢ አየር ጋር ተጋጭቶ የሚያወርዳቸው ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበዛሉ። ቪክተር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን እስከ አምስት ሺሕ ሜትር ወጥቶ ጨረሩ ከላይ እንደሚመጣ ያረጋገጠው ከፍታን ተጠቅሞ ነው፤ በ1936 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። እኛ ባሉን አያሻንም። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ባሉ ልዩ ልዩ ከፍታዎችም ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። በተማሪ እጅ ሊገጣጠም የሚችል አንድ ዓይነት መቁጠሪያ በአምስት ዩኒቨርሲቲዎች ተተክሎ፣ አምስት ተማሪዎች በአንድ ርእስ፣ በአንድ ዘዴ፣ በአንድ ዓመት ቢቆጥሩና መቁጠሪያዎቹን ለታናናሾቻቸው ቢያስረክቡ፣ የሀገሪቱን አቀማመጥ ራሱን ላብራቶሪ ያደርጉታል። የምርምር ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም ማግኘት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አምስት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ስልክ መደዋወላቸው ነው።

የዘንድሮው የርእስ ድልድል ሳይዘጋ ይህ ደብዳቤ ቢታተምልኝ ደስ ይለኛል። በዚሁ አጋጣሚ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በፊዚክስ ተመርቃችሁ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ላላችሁ ሁሉ፦ በቤታችሁ ባለ አሮጌ ፍላሽ፣ ሲዲ ወይም ደብተር ውስጥ ለመመረቂያችሁ የለካችሁት ጥሬ ቁጥር ካለ፣ የት፣ መቼና በምን መሣሪያ እንደለካችሁት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለተማራችሁበት ትምህርት ክፍል ላኩ። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር ባይገጥምም ላኩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር